የድሮ ዲያል አፕ ሞደም ሲግናል ለመከታተል የቱን መሳሪያ ልግዛ? ለሚለው ጥያቄ የቴሌኮም ባለሙያ ምላሽ

ሰላም ወንድሜ። ሌላም ሰው ሊጠቅመው ስለሚችል መጀመሪያ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የውሃ ድርጅት ጥገና ክፍል ትሰራለህ፣ ራቅ ያሉት የፓምፕ ጣቢያዎች አሁንም በስልክ መስመር ቢሮ እየደወሉ ነው የታንከሩን የውሃ ከፍታና አላርም የሚልኩት። ጣቢያ ያሉት ሞደሞች (ዳታን በስልክ መስመር ወደሚሄድ ድምፅ የሚቀይሩት) ቪ.22ቢስ በሚባለው ደረጃ የሚሰሩ ናቸው፣ በሴኮንድ 2400 ቢት፣ ቢሮ ሆኖ ስልኩን የሚያነሳው ደግሞ ዩኤስ ሮቦቲክስ ኩሪየር የሚባል ሞደም ነው። የስልክ ኩባንያው የመዳቡን መስመር አንስቶ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል የኢንተርኔት ሳጥን ከተካው ወዲህ አንዳንዱ ጥሪ ጭራሽ አይገናኝም፣ አንዳንዱ ተገናኝቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቆረጣል። ኩባንያው ግን «ድምፅ በደንብ ይሰማል፣ መስመሩ ጤነኛ ነው» ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። አንተም የሞደሙን ሲግናል የሚያሳይህ ነገር ስትፈልግ ኢቤይ ላይ ኤችፒ 4951ሲ እና ኤችፒ 4935ኤ የሚባሉ ሁለት የድሮ መለኪያዎች አገኘህና የቱን ልግዛ አልክ።

መልሴ፣ 4951ሲን ተወው፣ 4935ኤን ደግሞ ለጊዜው አቆየው። አንተ ያለህበትን ችግር ከሁለቱም በላይ የሚያሳይህ ከስልክ መስመሩ ጋር በትክክል የተያያዘ ተራ የድምፅ ካርድና ላፕቶፕ ነው፣ እሱም ሁለቱም ጫፍ ላይ ሲቀመጥ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካወቅከው ነገ ሌላ ዓይነት ሞደም ሲገጥምህም ራስህ ትመርጣለህ።

ኤችፒ 4951ሲ ፕሮቶኮል አናላይዘር ነው። የሚሰካው በኮምፒውተሩና በሞደሙ መሃል ባለው ባለ 25 ፒን ኬብል ላይ ስለሆነ የሚያሳይህ በዛ ኬብል የሚያልፉትን ባይቶችና የመቆጣጠሪያ ፒኖቹን ሁኔታ ብቻ ነው፣ የስልክ መስመሩን ጭራሽ አያየውም። ሻጮች «የሞደም ቴስተር» እያሉ ይለጥፉታል፣ ግን በሱ መስመር መመርመር ማለት ተናጋሪው የያዘውን ወረቀት አንብቦ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ይሰማል አይሰማም ብሎ እንደመፍረድ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ የተሳሳተ ነገር እየላከ ነው ብለህ ብትጠረጥር ይጠቅምህ ነበር፣ ግን ችግሩ የመጣው መስመሩ ሲቀየር ነው ብለሃል፣ ስለዚህ እዛ ጋ የምንፈልገው የለም።

ኤችፒ 4935ኤ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ በቀጥታ የስልክ መስመር መለኪያ ነው፣ ቴክኒሻኖች ቲምስ የሚሉት ዓይነት። አንዱ ጫፍ ላይ ቶን ትልካለህ፣ ሌላው ጫፍ ላይ የቶኑን ከፍታ፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ኖይዙን፣ ድንገት ብቅ የሚሉትን የኖይዝ ምቶች ትቆጥራለህ። በጣም የምወደው ዓይነት መሳሪያ ነው፣ የድሮ የቴሌ ሰው እጅ ላይ ያደገ ነው። ቶኑ 1004 ኸርዝ የሆነበት ምክንያትም አለው። ዲጂታል ስልክ በሴኮንድ 8000 ናሙና ነው የሚወስደው፣ ልክ 1000 ኸርዝ ብትልክ ናሙናው ሁልጊዜ ሞገዱ ላይ ያው ስምንት ነጥብ ላይ እየወደቀ ልኬቱ ይዛባል፣ 4 ኸርዝ ገፋ ሲደረግ ግን ነጥቦቹ እየተንሸራተቱ ሞገዱን በሙሉ ያዳርሱታል። (አዲስ አበባ ሆነህ ይህን የምታነብ ካለህ፣ የአሜሪካው ቲምስ ኖይዝ የሚያጣራው ሲ ሜሴጅ በሚባለው ማጣሪያ ነው፣ የኛ አገር ኔትወርክ የሚከተለው አይቲዩ የሚባለውን የዓለም አቀፍ ቴሌኮም ማህበር ደረጃ ስለሆነ ሶፎሜትሪክ የሚባለው ማጣሪያ ያለው መሳሪያ ነው የሚያስፈልግህ፣ ቁጥሮቹም በቀጥታ አይነጻጸሩም።)

ታዲያ ለምን አቆየው አልኩህ? 4935ኤ መስመሩ ላይ ሞደም በሌለበት ሰዓት ነው የሚለካው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰውና መሳሪያ ይፈልጋል፣ ያንተ ችግር ደግሞ በጥሪው መሃል የሚመጣና የሚሄድ ነው። ኖይዙን ብትለካ የኢንተርኔት ሳጥኑ መስመር ከድሮው መዳብ የተሻለ ጸጥ ያለ ሆኖ ሊወጣልህ ይችላል፣ ያኔ ኩባንያው «አላልኩህም?» ይልሃል። ሞደሙ ስራ ላይ እያለ ከራሱ ከሞደሙ ሲግናል ላይ መስመሩን እንዲለካ ተብሎ የተሰራው ኤችፒ 4948ኤ ነው። እሱን በደህና ሁኔታ ካገኘኸው ጥሩ ነው፣ ግን እምብዛም አይገኝም፣ ከመክፈልህም በፊት የትኞቹን የሞደም ዓይነቶች እንደሚያውቅ ማኑዋሉን ከፍተህ አረጋግጥ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የስልክ መስመር ሁለት ሽቦ ነው፣ በነዛ ሁለት ሽቦዎች ላይ የሁለቱም ሞደም ድምፅ ተደራርቦ ነው ያለው። ስለዚህ የትኛውንም መሳሪያ ብትሰካ መጀመሪያ የሚገጥምህ ጥያቄ «ይሄ የማን ሲግናል ነው?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አንተ ዕድለኛ ነህ። ቪ.22ቢስ ሁለቱን አቅጣጫ በፍሪኩዌንሲ ነው የሚለያቸው፣ ደዋዩ 1200 ኸርዝ ላይ ይናገራል፣ መላሹ 2400 ኸርዝ ላይ። እያንዳንዱ በሴኮንድ 600 ምልክት ይልካል፣ አንዱ ምልክት 4 ቢት ይይዛል፣ በዛ ነው 2400 የሚሞላው። ስለዚህ በስፔክትሮግራም (የትኛው ፍሪኩዌንሲ በየትኛው ሰዓት እንደተሰማ በሚያሳይ ምስል) ስታየው ከታች ከ750 እስከ 1650 አካባቢ አንድ ሰፊ ጥብጣብ አለ፣ እሱ የፓምፕ ጣቢያው ነው፣ ከላይ ከ1950 እስከ 2850 አካባቢ ሌላ ጥብጣብ አለ፣ እሱ የቢሮው ኩሪየር ነው፣ መሃል ላይ 1800 አካባቢ ባዶ ነው። ማንን እያየህ እንደሆነ በዓይንህ ትለያለህ። ከዛም ወደኋላ ብትሄድ ያው ነው፣ የ300 ቢቱ ቤል 103 (ቤል የድሮው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ነው) ደዋዩ 1070 እና 1270፣ መላሹ 2025 እና 2225 ኸርዝ ይጠቀማል፣ እሱን እንዲያውም ሚኒሞደም የሚባል ነጻ የሊኑክስ ፕሮግራም ከድምፅ ፋይል ላይ ወደ ጽሑፍ ይፈታልሃል። ከቪ.32 ጀምሮ ያሉት ግን፣ የ9600ው፣ የ14400ው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የመጣው ቪ.34 ሁሉም፣ ሁለቱም አቅጣጫ ያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ተደራርበው ነው የሚሄዱት፣ እያንዳንዱ ሞደም የላከውን ስለሚያውቅ የራሱን ኤኮ (ከመስመሩ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፁን) እየቀነሰ የሌላውን ይሰማል፣ መሃል የቆመ አዳማጭ ግን ያ ዕውቀት የለውም። ስለነሱ ኋላ እመለሳለሁ።

እሺ፣ ማገናኛውን እንስራ። ከሁለቱ የመስመር ሽቦዎች በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር፣ ቢያንስ 250 ቮልት የሚችል፣ ከሱ በተከታታይ አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ታስገባለህ፣ ከዛ ሁለቱ ጫፎች ወደ 600 ለ600 ኦም የድምፅ ትራንስፎርመር አንደኛው ወገን ይገባሉ። በሌላው ወገን ሁለት ጫፎች መሃል 600 ኦም ሬዚስተር አድርገህ፣ ከሱ ጎን ሁለት 1ኤን4148 ዳዮድ በተቃራኒ አቅጣጫ አገናኝተህ፣ ወደ ድምፅ ካርዱ። ትራንስፎርመሩን ከሞተ ሞደም ውስጥ መንቀል ትችላለህ፣ እሱ ለዚሁ ስራ የተሰራ ነው። ካፓሲተሩ የመስመሩን ዲሲ ይዘጋል፣ ስልኩ ሳይነሳ 48 ቮልት አካባቢ አለ፣ ካልዘጋኸው ትራንስፎርመሩ ጅረት ይስብና መስመሩ የተነሳ ሊመስል ይችላል። 10 ኪሎ ኦሞቹ ደግሞ መስመሩን እንዳትጫነው ነው፣ ሞደሞቹ እዛ መኖርህን ማወቅ የለባቸውም፣ ካወቁ የምትለካው የራስህን ጉዳት ነው የሚሆነው። በዚህ አሰራር ሲግናሉ ወደ 31 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል ከፍታ ልዩነት መለኪያ) ገደማ ዝቅ ብሎ ነው የሚደርስህ፣ 300 ኸርዝ አካባቢ በካፓሲተሩ ምክንያት ሌላ 1 ዲቢ ብቻ ነው የሚጨምረው፣ የሞደሙ ጥብጣብ ላይ ግን ችግር የለም። ስልኩ ሲጮኽ የሚመጣው 90 ቮልት 20 ኸርዝ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ከግማሽ ቮልት በታች ይሆናል፣ ከዛ ያለፈ ነገር ቢመጣ ዳዮዶቹ ይቆርጡታል።

ኦሲሎስኮፕ ካለህ አደራ፣ ፕሮቡን በቀጥታ መስመሩ ላይ እንዳታደርገው። የስልክ መስመር ሁለቱም ሽቦ ከመሬት የተለየ ሚዛናዊ ነው፣ የኦሲሎስኮፑ ጥቁር ክሊፕ ግን ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው፣ ስትሰካው አንዱን እግር መሬት አደረግከው ማለት ነው፣ ሃም የሚባለው የመብራት መስመር ጉርምርምታ ይገባል፣ ሞደሙ ይቆረጣል፣ ከባሰም ሳጥኑን ታበላሻለህ። ከትራንስፎርመሩ በኋላ ወይም በዲፈረንሻል ፕሮብ ብቻ። በነገራችን ላይ የድሮዎቹ የሮክዌል ሞደም ቺፖች ላይ ለኦሲሎስኮፕ ተብለው የወጡ አይ ኤክስና አይ ዋይ የሚባሉ የአይ ፓተርን ፒኖች አሉ፣ በዲጂታል ወደ አናሎግ ቀያሪ አሳልፈህ ኤክስ ዋይ ላይ ብታደርጋቸው የምልክቶቹን ነጥቦች በቀጥታ ታያለህ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ኩሪየሩን ፈተህ ለዛ ስትል አትጉዳው።

የድምፅ ካርዱ ሁለት ቻናል ያለው የዩኤስቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ውድ መሆን የለበትም፣ ግን ሲግናሉ በ31 ዲቢ ስለሚወርድ ማይክ መግቢያ ወይም ማጉያ ያለው ይሁን። ላፕቶፑ ላይ የድምፅ ማሻሻያ፣ ኖይዝ ቅነሳ፣ አውቶማቲክ ከፍታ የሚባሉትን በሙሉ አጥፋቸው፣ እነሱ የሞደም ድምፅን እንደ ኖይዝ ቆጥረው ያጠፉታል። ቅጂው ዌቭ ይሁን፣ ኤምፒ3 ፈጽሞ አይሆንም። ቁጥር ማንበብ ከፈለግክ አንዴ ካሊብሬት አድርገው፣ 600 ኦም ላይ 0 ዲቢኤም ማለት 0.775 ቮልት ነው፣ ደህና መልቲሜትር 1 ኪሎ ኸርዝ ላይ እሱን በትክክል ያነብልሃል፣ የዛን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ያለውን ከፍታ ጻፈው። ሞደም አብዛኛውን ጊዜ ወደ −10 ዲቢኤም አካባቢ ነው የሚልከው፣ የቪ.22ቢስ ተቀባይ እስከ −43 ድረስ ይሰማል፣ ስለዚህ ከፍታው ብቻውን ችግር የመሆን ዕድሉ እንዲህ ባለ አጭር መስመር ላይ ጠባብ ነው።

ሁለት እንደዚህ ዓይነት ማገናኛ ስራ፣ አንዱ ቢሮ ኩሪየሩ ጋ፣ አንዱ ጣቢያው ጋ፣ ያንኑ ጥሪ ሁለቱም ጋ ቅዳው። ይሄ ነው ለኔ ከመሳሪያ ሁሉ የሚበልጠው። ጣቢያው ጋ የታችኛው ጥብጣብ ንጹህ ሆኖ ወጥቶ ቢሮ ሲደርስ የተቆራረጠ ከሆነ ጥፋቱ መሃል ነው ያለው፣ ያንተም የሞደሙም አይደለም፣ የሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ስታደርገው ማንም ሊክደው አይችልም። አንድ ጫፍ ላይ ብቻ የተቀዳ ግን ሁልጊዜ ያከራክራል።

አሁን ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ የድምፅ ፕሮግራም ውስጥ ከፍተህ ወደ ስፔክትሮግራም ቀይረው፣ ላይኛውን ጫፍ 4000 ኸርዝ አድርገው፣ ስኬሉ ሊኒየር ይሁን። ጤነኛ ጥሪ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ኩሪየሩ ስልኩን ሲያነሳ ሁለት ሴኮንድ ገደማ ዝምታ አለ፣ ከዛ አንድ ቀጥ ያለ መስመር 2100 ኸርዝ ላይ ለ3.3 ሴኮንድ ገደማ፣ ከሱ በኋላ ቅጽበታዊ ዝምታ፣ ከዛ ሁለት ቀጭን መስመሮች 2250 እና 2850 ላይ ይወጣሉ፣ እነሱ ኩሪየሩ ያልተቀላቀለ አንድ አንድ አንድ ሲልክ የሚፈጠሩ ናቸው። ያኔ የጣቢያው ሞደም በታችኛው ጥብጣብ መልስ ይሰጣል፣ ከዛ ሁለቱም እንደ ኖይዝ የሚመስል ወጥ ጥብጣብ ይሆናሉ። ወጥ መሆኑ ነው ጤንነቱ፣ ዳታው ሆን ተብሎ ስለሚበጠበጥ ምንም ነገር ባይላክም ጥብጣቡ ሙሉ ሆኖ መቀጠል አለበት።

እዚህ ላይ መጀመሪያ እንድታየው የምፈልገው ያን የመልስ ቶን ነው። 2100 ላይ ነው ወይስ 2225 ላይ? ኩሪየር ላይ ቢ0 የሚባለው ቅንብር የአይቲዩውን 2100 ይልካል፣ ቢ1 የቤልን 2225። በመዳብ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም ይሰሩ ስለነበር ማንም ግድ አልሰጠውም። የኢንተርኔት ሳጥኖች ግን ብዙዎቹ «ይሄ ሰው አይደለም ማሽን ነው» ብለው የሚያውቁት 2100ን ሲሰሙ ነው፣ ያኔ ኤኮ ማጥፊያቸውን (ተናጋሪው የራሱን ድምፅ ተመልሶ እንዳይሰማ የሚያደርገውን) ያቆማሉ፣ የዝምታ ቆረጣቸውን (ዝም ሲባል መላክ ማቆማቸውን) ይተዋሉ። 2225 ከሰሙ እንደ ሰው ፉጨት ነው የሚቆጥሩት። እኔ አንተን ብሆን ምንም ከመግዛቴ በፊት ይሄን አረጋግጥ ነበር፣ 2225 ላይ ከሆነ ቢ0 አድርገህ አስቀምጠውና ጥቂት ቀን እየው።

ኤኮ ማጥፊያው እየነካህ ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው፣ አንዱ ጥብጣብ ሲጀምር ሌላው ይደበዝዛል ወይም እየተንቆራጠጠ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሳጥኑ «አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል» ብሎ ነው የሚያስበው፣ ሞደሞች ደግሞ ሁለቱም ሳያቋርጡ ነው የሚናገሩት። ፓኬት (ሳጥኑ ድምፁን ቆራርጦ የሚልክበት ቁራጭ) እየጠፋ ከሆነ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ታያለህ፣ ስፋታቸው 20 ሚሊ ሴኮንድ ወይም የሱ ብዜት ይሆናል፣ አብዛኛው ሳጥን ድምፁን በ20 ሚሊ ሴኮንድ እየቆረጠ ስለሚልክ። አንዳንድ ሳጥን ክፍተቱን ያለፈውን ድምፅ ደግሞ በማስገባት ይሸፍነዋል፣ ሰው ጆሮ ላይ አይታወቅም፣ ስፔክትሮግራሙ ላይ ግን ጥብጣቡ ለአፍታ ወደ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ሲቀየር ይታያል። «ድምፅ በደንብ ይሰማል» ያሉህ እኮ በዚህ ምክንያት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፣ ሰው 20 ሚሊ ሴኮንድ ቢጠፋበት ምንም አይሰማውም፣ ቪ.22ቢስ ግን በዛች ጊዜ 12 ምልክት፣ ማለትም 48 ቢት አጥቷል። ጥብጣቦቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጨማለቁ ከሆኑ፣ 2250 እና 2850 ሁለት ቀጭን መስመር መሆናቸው ቀርቶ ደመና ከሆኑ፣ ጥሪው ጂ.729 በመሰለ ድምፅን በሚጨምቅ ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ዘዴ) እየሄደ ነው፣ እሱ የሰው ጉሮሮን አስቦ የተሰራ ስለሆነ ሞደም በሱ አያልፍም፣ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ የሚልከው ጂ.711 ብቻ ነው የሚያዋጣው።

«ተገናኝቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቆረጣል» ስላልከው ደግሞ ሰዓቱን ጻፍ። በየተመሳሳይ ጊዜው ከሆነ ክሎክ ነው የምጠረጥረው። ሁለቱ ጫፍ ያሉ ሳጥኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ክሪስታል ነው ናሙና የሚወስዱት፣ በሁለቱ መሃል የ50 ሚሊዮንኛ ልዩነት ቢኖር በሴኮንድ 0.4 ናሙና ይጠራቀማል፣ አንድ የ20 ሚሊ ሴኮንድ ቁራጭ 160 ናሙና ነው፣ ስለዚህ በየ400 ሴኮንዱ፣ ወደ 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ፣ ሳጥኑ አንድ ቁራጭ ይጥላል ወይም ይደግማል። ስንጥቆቹ እንደ ሰዓት ቆጥረው ከመጡ ይሄ ነው፣ ግራ በተጋባ ሰዓት ተበታትነው ከመጡ የኢንተርኔቱ ትራፊክ ነው።

ከመሳሪያ ሁሉ በፊት ግን እጅህ ላይ ያለውን ኩሪየር ጠይቀው፣ እሱ ራሱ መለኪያ ነው። ጥሪው ካለቀ በኋላ ኤ ቲ አይ 6 ብለህ ብትጽፍለት ስንት ብሎክ ድጋሚ እንደተላከ፣ ስንት ጊዜ እንደገና ለመስተካከል እንደሞከረ፣ ለምን እንደተቆረጠ ይነግርሃል። ኤ ቲ አይ 11 ደግሞ የመስመሩን ሁኔታ፣ የተቀበለውን ከፍታና የሲግናልና ኖይዝ ልዩነት ያወጣል፣ በይበልጥ የሚሟላው ከቪ.34 ጥሪ በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ አይ 6ን ወደ ፋይል የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ብታስቀምጥ፣ መጥፎው ጥሪ የቱ እንደሆነ ስታውቅ ነው የተቀዳውን ድምፅ የምትከፍተው፣ አለበለዚያ በቅጂ ብዛት ትሰምጣለህ።

የቢሮአችሁ ስልክ የራሳችሁ የአይፒ ማዞሪያ (ጥሪን በኔትወርክ የሚያስተላልፍ) ካለው ሌላ በር አለህ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። እዛ ላይ ሁለቱ አቅጣጫዎች ሁለት የተለያዩ የፓኬት ጅረቶች ናቸው፣ ምንም ሽቦ ሳትነካ ዋየርሻርክ በሚባል የኔትወርክ መመልከቻ ፕሮግራም ይዘህ እያንዳንዱን ለብቻው የድምፅ ፋይል አድርገህ ታወጣዋለህ፣ የጠፋውን ፓኬትና የጊዜውን መንገዳገድም ራሱ ይቆጥርልሃል። ለቪ.32 እና ቪ.34 ሰዎችም መድኃኒቱ ይሄ ነው፣ አቅጣጫዎቹ ገና ሳይደባለቁ ያሉበት ቦታ ሄዶ መቆም። ያ ከሌለ በአንዱ ሽቦ ላይ ባለ 10 ኦም ሬዚስተር ጅረቱን በሁለተኛው ቻናል ትቀዳለህ፣ ከቮልቴጁ ላይ ጅረቱን በ600 አባዝተህ ስትደምር አንዱ ሞደም፣ ስትቀንስ ሌላው ይቀርልሃል። የእውነት መስመር ልክ 600 ኦም ስላልሆነ ንጹህ አይወጣም፣ ግን ማን መቼ እንደጀመረ ለማየት ይበቃል። ጅረት የምትቀዳበትም ቻናል የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ አይዘንጋህ።

ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም መሳሪያ ልግዛ ካልክ፣ መጀመሪያ ቡት ሴት ግዛ፣ የቴሌ ሠራተኞች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ስልክ፣ ቲኤስ22 የሚባለው ጥሩ ነው። ሞኒተር የሚል ቦታ እንዳለው እይ፣ እዛ ላይ ሲሆን መስመሩን ሳይጫን ነው የሚያዳምጠው፣ ቶክ ላይ አድርገህ ከሰካኸው ጥሪውን ትገድላለህ። ቀጥሎ ቴልቶን ቲኤልኤስ 3 ወይም ቫይኪንግ ዲኤልኢ 200ቢ ዓይነት የመስመር ሲሙሌተር፣ ሁለት ሞደም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ያለ ስልክ ኩባንያ ይደዋወላሉ፣ በሱ ላይ የጤነኛ ጥሪ ቅጂ ትይዛለህ፣ ከመጥፎው ጋር የምታነጻጽረው እሱን ነው። ለኔ ይሄ ከ4935ኤ ይቀድማል።

4935ኤን የምትገዛ ከሆነም የሚበራ ምስል ብቻ አይቶ የሚሸጥልህን አትመን፣ ማሰራጫውን ወደ መቀበያው አገናኝቶ 1004 ኸርዝ 0 ዲቢኤም ሲያነብ ፎቶ እንዲልክልህ ጠይቀው። በውስጡ ባትሪ የነበረው ከሆነ ፈሶ ቦርዱን በልቶ እንደሆነ ጠይቅ። መሰኪያዎቹ የድሮው የ310 ጃክ ናቸው፣ ከ310 ወደ ክሊፕ የሚሄድ ገመድ አብሮ ካልመጣ ለብቻው ትፈልጋለህ። ማኑዋሎቹን ኪሳይት ድረ ገጽ ላይ ፈልጋቸው፣ የኤችፒ መለኪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1999 አጂለንት፣ በ2014 ደግሞ ኪሳይት ሆኖ ስለወጣ የድሮው ሰነድ ወደ እነሱ ነው የሄደው። ከኢቤይ ሌላ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ገበያ ሞክር፣ ኦሃዮ ዚንያ ላይ በየዓመቱ ግንቦት የሚደረገው የዴይተን ሃምቬንሽን ትልቁ ነው፣ ዕቃውን ሰክተህ አይተህ ነው የምትገዛው። የዩኒቨርሲቲና የመንግስት ዕቃ ሽያጮችም አሉ።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዝልኝ። መስመሩ የድርጅቱ ስለሆነ ከአለቃህ በጽሑፍ ፈቃድ ያዝ፣ ማገናኛውንም ከኩባንያው ሳጥን በኋላ ባለው በናንተ ወገን ብቻ አድርገው። የሌላ ሰው ጥሪ ማዳመጥ አሜሪካ ውስጥ በፌደራል የዋየርታፕ ሕግ ያስከስሳል፣ ኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል። በዛው መስመር ላይ ሰዎችም የሚያወሩበት ከሆነ ቅጂው ሞደሙ ሲደውል ብቻ እንዲጀምር አድርግ።

ቅጂዎቹ ሲኖሩህ ኩባንያውን «መስመሩ ተበላሽቷል» ብለህ አትጥራው፣ ያንን ሰምተው ዘግተውታል። ለነዚህ ቁጥሮች ጂ.711 ብቻ ይሁን፣ የዝምታ ቆረጣ ይጥፋ፣ የጂተር ማቆያው (ፓኬቶች በተለያየ ሰዓት ሲደርሱ አቆይቶ የሚያስተካክለው) የሚለዋወጥ ሳይሆን ቋሚ ይሁን፣ 2100 ሲሰማ ኤኮ ማጥፊያው ይቁም ብለህ ነጥብ በነጥብ ጻፍላቸው፣ ከሁለቱ ጫፍ የተቀዳውን ምስል አያይዝ። እስከዛው አላርም እንዳያመልጣችሁ ኩሪየሩን በ&ኤን2 ትዕዛዝ ወደ 1200 ቢት አውርደው፣ አንድ ምልክት ላይ 4 ቢት መሆኑ ቀርቶ 2 ስለሚሆን ብዙ በደል ይችላል፣ የታንከር ከፍታ ለመላክ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያውን ስፔክትሮግራም ስታወጣ ላክልኝ፣ የመልስ ቶኑንና ከሱ በኋላ ያሉትን ሰላሳ ሴኮንዶች ካየሁ ከየትኛው ችግር ጋር እንደምትታገል የምነግርህ ይመስለኛል።